ልጁ በመቀመጫው ሲመጣ፦ የጎንደር እናቶች የማንን ምክር ሰሙ?

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

በእኛ አገር አራስ ለመጠየቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚለው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነው። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ቃሉ ስለ ልጁ ምንም አይልም። ስለ እናቲቱ ነው፤ ከሞት ስለ መትረፏ ነው። ከመውለዷ በፊትም የምትመረቀው «በሽልም ያውጣሽ» ተብላ ነው። ታሪክ ሲባል ሁላችንም ብራናና ቤተ መንግሥት ይታየናል። የደጋው ሴት እንዴት ትወልድ እንደነበር ለማወቅ ግን እኔ ከእነዚህ ሁለት ቃላት ነው የምጀምረው። በየቤቱ የሚባሉ ስለሆኑ ማንም እንደ ታሪክ ማስረጃ አያያቸውም እንጂ፣ ወሊድ ለአያቶቻችን ምን እንደነበረ ከዚህ በላይ የሚናገር የለም።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ የሚደርሰኝ ጥያቄ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም «ሲስተር» እያሉ የሚጽፉልኝ ብዙ ናቸው። ከሚመላለሱት ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ ነው፦ እርግዝናዋ 8 ወር አልፏታል፤ አልትራሳውንድ ታይታ ልጁ መቀመጫው ወደ ታች፣ ጭንቅላቱ ወደ ላይ ነው ተብላለች፤ በኦፕራሲዮን ትወልጃለሽ ተብሎ ቀጠሮ ተይዞላታል። ቤት ስትገባ አማቷ ሆድ የሚያሽ ሰው አለ ትላታለች። ጎረቤቷ ጸበል ትላለች። አዲስ አበባ ያለችው እህቷ ደግሞ ሌላ ሐኪም ሳታማክሪ እንዳትሞክሪው ትላታለች። መጨረሻ ላይ ወደ እኔ ትጽፋለች፦ የማንን ልስማ?

ለየእያንዳንዷ በስልክ የምለውን እላለሁ። እዚህ ግን ታሪኩን ነው ማውራት የፈለግሁት፤ ምክንያቱም ጥያቄው አዲስ አይደለም። ልጇ በመቀመጫው የመጣባት እናት በእኛ ደጋ ሁልጊዜም ብዙ ሰው ታማክር ነበር። ከዘመን ዘመን የተለዋወጠው ምጧ ሲመጣ አጠገቧ የሚገኘው እጅ ነው። ምርጫ የምንለው ነገር ደግሞ ከዚያ እጅ አልፎ አያውቅም።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ላልተማራችሁት ልንገር። በ28ኛው ሳምንት ገደማ ከ4 ጽንስ 1ዱ በመቀመጫው ነው ያለው። አብዛኛው ራሱ ይገለበጣል። ቀኑ ደርሶ እንደዚያው የሚቀረው ከ100 ውስጥ 3 ወይም 4 ነው። እነሱም አንድ ዓይነት አይደሉም። መቀመጫው ቀድሞ እግሮቹ ወደ ፊቱ የተዘረጉ አለ፤ እግሩን አጣጥፎ የተቀመጠ አለ፤ እግሩን አስቀድሞ የሚመጣም አለ። አደጋቸውም እኩል አይደለም። ጭንቅላት ቀድሞ ሲመጣ ለቀረው አካል መንገድ ይከፍታል። መጨረሻ ሲመጣ ግን ሰውነቱ ወጥቶ ጭንቅላቱ ሊያዝ ይችላል፤ እትብቱም ከልጁ ቀድሞ ሊወርድ ይችላል። ያኔ ጊዜው የሚቆጠረው በደቂቃ ነው።

ተማሪዎቼ ታስታውሳላችሁ፣ የመጀመሪያው ትምህርታችን «አትጎትቱ» ነበር። የሚጎትት እጅ የሕፃኑን ክንዶች ወደ ላይ ያስነሳል፣ አገጩን ከደረቱ ያላቅቃል፤ መውጣት የሚችለውንም ልጅ ያስይዘዋል። መታገስ፣ ማየት፣ መንካት የሚያስፈልግበት ደቂቃ ሲመጣ ደግሞ በትክክል መንካት። ይህ በመጽሐፍ አይለመድም። አንዱ ሲሠራ ሌላው አጠገቡ ቆሞ እያየ ነው የሚለመደው።

እግረ መንገዴን፣ ጭንቅላቱን የምናወጣበት ዘዴ እስከ ዛሬ በፈረንሳዊው ፍራንሷ ሞሪሶ ስም ይጠራል። መጽሐፉን ፓሪስ ላይ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1668 ነው። እኛ ጋ አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጎንደር ላይ ከነገሡ ገና 1 ዓመት ቢሆን ነው። የዚያን ጊዜ የፓሪሷ እናትም ቢሆን ያላት የአዋላጅ እጅ ብቻ ነበር፤ በሕይወት ያለች ሴት ሆዷ ተቀዶ ትተርፋለች ብሎ ተስፋ የሚያደርግ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሞሪሶ ራሱም ይቃወመው ነበር።

ወደ ደጋው ልመለስ። የበኩር ልጇን ያረገዘች ሴት ቀኗ ሲቀርብ ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች። ወግ ነው እንላለን፤ ግን ጥበብም አለበት። ጩኸቷን የማይታዘብ፣ ሌሊቱን ሙሉ የማይሰለቻት ሰው ያለው እናቷ ቤት ነው። ምጥ ሲይዛት ወንዶቹ ይወጣሉ፣ ጎረቤት ሴቶች ይሰበሰባሉ፣ ቡናው ይቆላል፣ «ማርያም ማርያም» ይባላል። ወላዷ ተንበርክካ ወይም ቁጢጥ ብላ፣ አንዷ ሴት ከኋላ ደግፋት ነው የምትወልደው። አዋላጇ የሰፈሩ ባልቴት ናት። ራሷ ብዙ የወለደች፣ የብዙ ሰው ልጅ የተቀበለች። ሥራዬ ብላ ደመወዝ የምትበላበት አይደለም፤ ገንፎው ሲገነፋ ከፊት ትቀመጣለች፣ በክርስትናውም ትጠራለች።

ምጡ ሲጠና የምክሩ ክብ ይሰፋል። ወጌሻ ወይም ሆድ የምታሽ ሴት ትጠራና ቅቤ እየቀባች ታሻለች። ቄሱ ጸበል ይዞ ይመጣል፤ ድርሳነ ሩፋኤል ይነበባል፣ መልአኩ «ፈታሔ ማኅፀን» ነውና። ልጅ እየወለደች የሚሞትባት ሴት ደግሞ ቀደም ብላ ደብተራ ዘንድ ሄዳ ክታብ አስጽፋ በአንገቷ አንጠልጥላ ይሆናል። በክታቡ ላይ ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ተቀምጦ ውርዝልያን ሲወጋ ይታያል። ሾተላይ የሚባለው ነገር ይሄ ነው። ዘመናዊው ሕክምና ከሾተላይ ብዙውን የሚያስረዳው በእናትና በጽንሱ የደም ዓይነት አለመስማማት ነው፤ አር ኤች የምንለው። አያቶቻችን የመጀመሪያው ልጅ ተርፎ የሚቀጥሉት እንደሚሞቱ አስተውለው ስም ሰጥተውታል። ምክንያቱ ላይ ነው የሳቱት፤ ማስተዋሉን ግን እኔ አልንቅም።

ጎንደር ዙሪያ ሌላም ሥርዓት ነበር። በወለቃም በአምቦበርም የነበሩ ቤተ እስራኤሎች ሴቶቻቸው የሚወልዱት ከመንደሩ ዳር በተሠራ ጎጆ ነበር፤ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን እስኪሞላ ከቤታቸው ተለይተው ይቆያሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተደረጉት ጉዞዎች አብዛኞቹ እስራኤል ሲገቡ ከዚያ ጎጆ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል አልጋ ተሻገሩ። በአንድ ትውልድ እንኳ አይደለም፣ በአንድ በረራ። ይህ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ እዚህ ላይ ልተወው።

የድሮው እጅ ምን ያህል ይችል ነበር? እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰዎች ያናድዱኛል። አንዱ ባልቴቶቹ ሁሉን ያውቁ ነበር የሚለው ነው፤ ሌላው ምንም አያውቁም ነበር የሚለው። መቀመጫው ቀድሞ የመጣ፣ ያልገዘፈ ልጅ፣ እናቱ ተንበርክካ ምጧ ጥሩ ከሆነ፣ ካልጎተቱት ብዙ ጊዜ ራሱ ይወጣል። ታጋሽ ባልቴት ያንን ታውቃለች። እትብቱ የወረደ ዕለት ግን፣ ጭንቅላቱ የተያዘ ዕለት፣ የእንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ ደም የፈሰሰ ዕለት፣ ያቺ ጥሩ ሴት ከጸሎት በቀር በእጇ ምንም አልነበራትም። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የመጣው ከዚያ ነው።

ደግሞም የድሃ ብቻ ነገር አልነበረም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ጊዜ ለንደን የነርስነት ሙያ ተምራ የተመረቀች ናት። በ1934 ዓ.ም. ክረምት ነቀምት ላይ ያረፈችው ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ነው። የንጉሥ ልጅ፣ ነርስ፣ እንግሊዝ አገር የተማረች! ከአዲስ አበባ ርቃ ስለነበር ይህ ሁሉ አላዳናትም። በስሟ አዲስ አበባ ላይ መታሰቢያ ሆስፒታል ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1959 አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እና ኒውዚላንዳዊው ባለቤቷ ዶክተር ሬጂናልድ የመጡት እዚያ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ሊያቋቁሙ ነበር። ለማስተማር መጡ፣ ከምጥ ብዛት ፊስቱላ የያዛቸውን ሴቶች አዩ፣ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1974 የከፈቱትን የፊስቱላ ሆስፒታል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ የተከፈተው ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ሲታከም ከኖረው ቁስል ወደሚከላከለው እጅ ለመመለስ ከ30 ዓመት በላይ ወሰደ ማለት ነው።

የእኛው የጎንደር ታሪክ በወባ ነው የሚጀምር። በ1945 ዓ.ም. ደንቢያ ላይ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ 7 ሺህ ያህል ሰው ፈጀ። በ1947 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ኮሌጁ ጎንደር ላይ ሲከፈት ከምክንያቶቹ አንዱ ያ እልቂት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና አሜሪካኖች አገዙ። የሚሠለጥኑት ሦስት ዓይነት ሰዎች ነበሩ፦ የጤና መኮንን፣ የኮሚኒቲ ነርስ እና የአካባቢ ጤና ባለሙያ። ሦስቱ አንድ ቡድን ሆነው ነው ወደ ጤና ጣቢያ የሚላኩት። ስለ ኮሌጁ ሲወራ ሁልጊዜ የጤና መኮንኖቹ ናቸው የሚነሱት። ተገቢ ነው፣ ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። እኔ ግን የማስበው ስለ ኮሚኒቲ ነርሷ ነው። ብዙ ጊዜ ገና ልጅ ናት፣ አልወለደችም፣ አላገባችም። ቦርሳዋን ይዛ ደጋ ትወጣና 8 የወለደችን ሴት እንዴት እንደሚወለድ ልታስተምር ትቀመጣለች። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው ተረት ለእሷ የተተረተ ይመስል ነበር።

ሆኖም ሠራ። የሠራበት ምክንያት እሷ ቤት ለቤት ስለምትሄድ ነው። ባልቴቷ ያለችበት ቤት ገብታ፣ ቡናውን ጠጥታ፣ የምታደርገውን አይታ፣ እጇን እንድትታጠብና እትብቱን በንጹሕ ምላጭ እንድትቆርጥ ታሳያታለች። እናቲቱ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ምክር አገኘች። እኔ ይህን ጊዜ እወደዋለሁ፤ ሆስፒታሉ ሩቅ ቢሆንም፣ መኪናው ባይኖርም፣ ቢያንስ ሁለቱ እውቀቶች ፊት ለፊት ይተያዩ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1978 ሁለት ነገር ተገጣጠመ። አልማ አታ ላይ የተሰበሰቡ መንግሥታት ጤና ከመንደር ይጀምር፣ የልምድ አዋላጆችም ይሠልጥኑ አሉ። በዚያው ዓመት ጎንደር ከላይፕዚግ የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ ሐኪም ማሠልጠን ጀመረ። ደርግም በየገበሬ ማኅበሩ የጤና ወኪልና የልምድ አዋላጅ ማሠልጠን ያዘ። ከተማው ውስጥ ጀርመናዊ መምህር ስለ ቀዶ ሕክምና ያስተምራል፤ ደጋው ላይ ባልቴቷ ሠልጥና ትመለሳለች። በመካከል ያለው መንገድ ግን ያው መንገድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ወደ እ.ኤ.አ. 2000።

በዚያ ዓመት ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ ጥናት አወጣ። ጥናቱ የተመራው ከካናዳ ነው፤ በ26 አገሮች፣ በ121 ሆስፒታሎች፣ ልጃቸው በመቀመጫው የመጣባቸው 2,088 እናቶች ተካፍለዋል። ግማሾቹ በኦፕራሲዮን እንዲወልዱ፣ ግማሾቹ በምጥ እንዲወልዱ በዕጣ ተመደቡ። ሕፃኑ የሞተበት ወይም ክፉኛ የተጎዳበት፣ በኦፕራሲዮኑ ወገን ከ100 1.6፣ በምጡ ወገን 5 ሆነ። ዓለም በአንድ ጊዜ ዞረ። በሚቀጥለው ዓመት የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ለእነዚህ እናቶች ኦፕራሲዮን ይታቀድ አለ። በብዙ አገር ሆስፒታሎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመቀመጫው የመጣን ልጅ በምጥ ማዋለድ ቀረ ማለት ይቻላል። የሚሠራው ሲቀር የሚያየውም ቀረ። የሚያይ ሲቀር የሚችል ጠፋ።

ጥናቱን ግን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ሌላ ነገርም ያገኛል። ውጤቱ ለሀብታምና ለድሃ አገር ተለይቶ ተቀምጧል። የሕፃናት ሞት ዝቅተኛ በሆነባቸው አገሮች ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው፦ 0.4 ለ 5.7። ሞቱ ከፍተኛ በሆነባቸው አገሮች ግን 2.9 ለ 4.4 ነው፤ ይህም በስታቲስቲክስ መለኪያ እርግጠኛ ነው የማይባል ልዩነት ነው። ጸሐፊዎቹ ራሳቸው አስልተውታል፤ 1 ሕፃን ከሞት ወይም ከከባድ ጉዳት ለማትረፍ በመጀመሪያዎቹ አገሮች 7 ተጨማሪ ኦፕራሲዮን ሲበቃ፣ በእነሱኞቹ እስከ 39 ሊያስፈልግ ይችላል። ከ2 ዓመት በኋላ ልጆቹ ሲታዩ ደግሞ በሞትና በአእምሮ እድገት መዘግየት ሁለቱ ወገኖች አልተለያዩም። የአሜሪካው ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2006 ምክሩን አላላ፤ ልምድ ያለው ሐኪም ካለና እናቲቱ ከተመረጠች በምጥ መውለድ ይቻላል አለ። ልምድ ያለው ሐኪም ካለ! ግን እኮ በ5 ዓመት ውስጥ ልምዱን ያፈረሰው ያው ምክር ነበር።

በዚያው በ2000 በእኛ አገር የመጀመሪያው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ተደረገ። በጤና ተቋም የሚወልዱት ከ100 እናቶች 5 ብቻ ነበሩ። ከ100 ሺህ በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱ እናቶች 871 ተብለው ተገመቱ። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጧቸው። ዓለም «በመቀመጫው የመጣ ልጅ በቢላ ይውጣ» ባለበት ዓመት፣ ከ100 የኢትዮጵያ እናቶች 95ቱ የሚወልዱት ቢላው በሌለበት ቤት ነበር።

ቀጥሎ የመጣውን አብዛኞቻችሁ ሠርታችሁበታል። ዓለም ከልምድ አዋላጅ ሥልጠና ፊቱን አዞረ፤ በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ብቻ ይውለዱ ተባለ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመደቡ። ባልቴቶቹ አታዋልዱ፣ ወደ ጤና ጣቢያ አምጡ ተባሉ። መንፈሱ ትክክል ነበር፣ እኔም ደግፌዋለሁ፣ ዛሬም እደግፈዋለሁ። ቁጥሩም ይመሰክራል፦ በተቋም የሚወልዱት በ2016 26፣ በ2019 48 ከመቶ ደረሱ። የእናቶች ሞትም በ2016ቱ ጥናት ወደ 412 ወርዷል። እነዚህ ቁጥሮች የተማሪዎቼ እጅ ናቸው፤ ማንም እንዲያቃልላቸው አልፈቅድም።

ነገር ግን ያው የ2016 ጥናት ሌላም ይላል። በኦፕራሲዮን የሚወልዱት በአገር ደረጃ 2 ከመቶ ናቸው፤ አዲስ አበባ ላይ 21። አዲስ አበባ ያለችው እህት «ሌላ ሐኪም አማክሪ» ስትል ልክ ናት፤ እሷ ጋ ታክሲ ይዞ የሚደረስ ሌላ ሐኪም አለ። ጃናሞራ ያለችው እህቷ ጋ ግን ባልቴቷ እጇን ሰብስባለች፣ ቢላው ገና አልደረሰም። የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ወጣት ናት፤ በትምህርቷ ዘመን በመቀመጫው የመጣ ልጅ ስንት አየች? አንዳንዷ በፕላስቲክ አሻንጉሊት ላይ ብቻ ነው የተለማመደችው። የመጣባትን እናት ወደ ሆስፒታል ትልካለች፤ መላኳ ትክክል ነው። አምቡላንሱ ቆሞ ከሆነስ? ዝናቡ መንገዱን ወስዶት ከሆነስ? ባለፉት ዓመታት ደግሞ በጦርነትና በግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ቃሬዛ ተሸካሚ ጎረምሳ እንኳ የጠፋበት ጊዜ ነበር። ልጁ እኮ መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም።

ለዚህ የተሰጡትን መልሶች አልረሳሁም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሐኪም ያልሆኑ ባለሙያዎች የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና በማስተርስ እንዲማሩ ተደርጎ፣ በትናንሽ ሆስፒታሎች ኦፕራሲዮን የሚሠራ እጅ ተገኘ። ለእኔ ከዘመኑ ብልህ ውሳኔዎች አንዱ ነው። የእናቶች ማቆያም አለ፤ ጉራጌ ውስጥ አጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 የጀመረው፣ ኋላ በየጤና ጣቢያው የተስፋፋ። ቀኗ የቀረበ እናት መጥታ እዚያው ትጠብቃለች። ገንፎ የሚገነፋበት፣ ቡና የሚፈላበት ማቆያ ሳይ ደስ ይለኛል፤ የእናቷ ቤት ወደ ጤና ጣቢያው ግቢ መጣ ማለት ነው። ፍራሽ ብቻ ያለበት፣ ምግብ የሌለበት ማቆያም አይቻለሁ። እዚያ የምትቆይ የለችም፤ ቤቷ ያሉትን ልጆች ማን ሊያበላቸው?

ስለ ኦፕራሲዮን ፍርሃት ደግሞ አንድ ነገር ልበል። እናት «አልቀደድም» ስትል ብዙ ባለሙያ አላዋቂነት ነው ብሎ ያልፋል። ቆም ብላችሁ አስቡት። የገጠር እናት በ2016ቱ ጥናት መሠረት በአማካይ ከ5 በላይ ትወልዳለች። ዛሬ ደባርቅ ወይም ጎንደር መጥታ ተቀድዳ ልጇን በሰላም ይዛ ሄደች እንበል። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከበየዳ ደባርቅ መድረስ ግን ሌላ ጉዞ ነው። ከ3 ዓመት በኋላ ምጧ ሌሊት ቢመጣባትስ? ያ ጠባሳ ያለበት ማህፀን ቤቷ ውስጥ በምጥ ብዛት ሊቀደድ ይችላል። የዛሬው ልጅ ተርፎ የሚቀጥለው ከነእናቱ ሊሄድ ይችላል። እናቲቱ በሕክምና ቋንቋ አትናገረውም እንጂ ሒሳቡን ይዛዋለች። ኦፕራሲዮን አታድርጊ ማለቴ አይደለም። በደጋው ለሚወለደው ሕፃን ብዙ ጊዜ ደኅንነቱ ያለው እዚያው ነው፣ በተለይ እግሩን አስቀድሞ ለመጣው። ነገር ግን ኦፕራሲዮኑን የሚመክራት ሰው ስለሚቀጥለው እርግዝናም ካልነገራት ምክሩ ግማሽ ነው።

ማሸትስ? በየጊዜው የምጠየቀው እሱን ነው። በሚገርም ሁኔታ ወጌሻውና ስፔሻሊስቱ ከሩቅ ለሚያያቸው አንድ ሥራ ይሠራሉ። ሁለቱም እጃቸውን ሆድ ላይ አድርገው ልጁን ያዞራሉ። ሐኪሙ የሚያደርገው ከ36 ወይም ከ37 ሳምንት በኋላ ነው፤ ከሚሞከርላቸው ግማሽ ያህሉ ይሳካላቸዋል፣ ከኦፕራሲዮንም ይተርፋሉ። ልዩነቱ ከእጁ በፊትና በኋላ ያለው ነው። ሐኪሙ የእንግዴ ልጁ የት እንደተቀመጠ፣ እንሽርቱ እንደሚበቃ፣ ልጁ መንታ እንዳልሆነ በአልትራሳውንድ አይቷል፤ የልብ ምቱን ከፊትም ከኋላም ያዳምጣል፤ አንድ ነገር ቢበላሽ ኦፕራሲዮን ክፍሉ እዚያው ነው። ወጌሻው ጋ ይህ የለም። የእንግዴ ልጁ ከቦታው ቢላቀቅ ደሙ ወደ ውስጥ ሲፈስ ማንም አያየውም። ስለዚህ ቤት ውስጥ አትታሺ እላለሁ፣ ያለ ማወላወል። ሆስፒታሉን ግን «ይዞርልኝ ይሆን?» ብለሽ ጠይቂ እላለሁ። አማትሽ ያሰበችው ነገር መሠረት አለው፤ ቦታው ነው የተሳሳተው።

መንበርከኩም እንደዚሁ ነው። እኛ እናቶችን ከቁጢጥታቸው አንስተን አልጋ ላይ በጀርባቸው አስተኛናቸው፤ ለእኛ ለማየት ይመች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ፍራንክፈርት ያሉ ሐኪሞች ልጃቸው በመቀመጫው ሆኖ በምጥ የወለዱ እናቶችን ውጤት አሳተሙ። በጀርባ ከተኙት ይልቅ ተንበርክከው ወይም ቀና ብለው የወለዱት ምጣቸው አጠረ፣ በእጅ መርዳት ያስፈለጋቸውም ጥቂት ሆኑ። ፍራንክፈርት ላይ ልምድ ያለው ቡድንና ኦፕራሲዮን ክፍል ከአጠገባቸው አለ፤ ያንን ረስተን «አያቶቻችን ያውቁ ነበር» ብለን መፎከር አይገባም። የደጋዋ እናት ተንበርክኬ ልውለድ ስትል ግን ልንቆጣት የሚገባ አልነበረም።

ጸበሉን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። ጠጪ፣ ተጠመቂ፣ ግን ቀጠሮሽን አያሳልፍብሽ። እንሽርት ውሃው ከፈሰሰ፣ ደም ካየሽ፣ ምጥ ከጀመረ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል። በመቀመጫው ላለ ልጅ እንሽርቱ የፈሰሰበት ሰዓት እትብት የሚወርድበት ሰዓት ሊሆን ይችላል።

ሌላ ሐኪም ማማከር ደግሞ መብትሽ ነው፤ የመጀመሪያውን ሐኪም መስደብ አይደለም። ስትሄጂ ልጁ እንዴት እንደተቀመጠ፣ ክብደቱ ስንት እንደሚገመት፣ ሊዞር ይችል እንደሆነ ጠይቂ። እዚህ ቤት በመቀመጫው የመጣ ልጅ በምጥ ያዋለደ ሰው አለ ወይ ብለሽም ጠይቂ፤ ካለ በየትኛው ቀን ተረኛ ነው? ከተቀደድኩ የሚቀጥለውን የት ነው የምወልደው? ቀኑ እስኪደርስ የት ልቆይ? እነዚህን ጠይቃ የተቆጧት እናት ካለች ቁጣው የእሷ ጥፋት አይደለም።

አሁን ወደ እናንተ፣ ደባርቅ፣ ዳባት፣ አዲ አርቃይ፣ ጃናሞራ፣ በየዳና ቆላ ድባ ወደሠራችሁት። በመቀመጫው የመጣ ልጅ መጀመሪያ ያዋለዳችሁት መቼ ነው? ማን ነበር አጠገባችሁ የቆመው? ከባልቴት የተማራችሁት ነገር አለ? ከታች ጻፉልኝ፣ የሚረዝም ከሆነ በውስጥ መስመር ላኩት። የእናቶቹን ስም ግን አትጥቀሱ።